የሚፈታ ኮላ

አንዲት ሴት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የአሸዋ ከረጢት አለ፤ ከረጢቱ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሟል። ሴትየዋ በቀኝ እጇ መርፌ፣ በግራ እጇ ለስላሳ ብሩሽ ይዛለች። ድንጋዩን በመርፌው ትነካና በብሩሹ ትጠርጋለች። ትነካና ትጠርጋለች። ከጠዋት እስከ ምሳ የምታነሳው የድንጋይ ዱቄት በሻይ ማንኪያ ቢለካ ግማሽ አይሞላም።

ምን እየሠራች ይመስላችኋል? ዓሣ እያወጣች ነው።

አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። ድንጋዩ ውስጥ ዓሣ አለ። ዛሬ ደረቅ ቆላ የሆነው አገር ውኃ በነበረ ጊዜ የሞተ፣ ጭቃ የተጫነው፣ ጭቃው ድንጋይ ሲሆን እሱም አብሮ ድንጋይ የሆነ ዓሣ። ስንት ዘመን እንደተኛ ሴትየዋ ነግራኝ ነበር፤ ዜሮዎቹ ሲበዙብኝ ተውኩት። እኔ የገባኝ የዓሣው አጥንት ከፀጉር እንደሚቀጥን፣ የእሷም ሥራ አጥንቱን ሳይሰብሩ ዙሪያውን ያለውን ድንጋይ ማንሳት እንደሆነ ነው።

ሴትየዋ እህቴ ናት፤ ታላቄ። አስካለ ትባላለች። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን በሴቶቹ በኩል፣ መስኮቱ ሥር ነበር የምትቆመው። በቤተ መዘክሩ ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ስለ እሷ ሳወራ አታልቅሱብኝ፤ እሷም ብትሆን አትወደውም ነበር።

ሰፈሩ ያሾፍባታል፣ እሷም ሰፈሩን ታሾፍበታለች። በጾም ወራት አንዷ ጎረቤት ታስቆማትና፣ "አስካለ፣ ያንቺ ዓሣ ይጾማል ወይስ ይበላል?" ትላታለች።

"እሱ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እየጾመ ነው፤ እስካሁንም አልፈታም" ትላለች እህቴ።

ይህችን "መፍታት" የምትባል ቃል ልብ በሉልኝ። የዛሬው ነገሬ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው።

አንድ ዓሣ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሦስት ወር፣ አምስት ወር፣ አንዳንዱ ዓመት። እኔ አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አየኋት። ሁለት ሰዓት ከፈጀች በኋላ አንዲት የክንፍ አጥንት ጫፏ ብቅ አለ። "ይኸው" አለችኝ ደስ ብሏት። እኔ ምንም አልታየኝም። ማይክሮስኮፑን ሰጠችኝ፤ አሁንም አልታየኝም። "ግድ የለም፣ እሱም አንተን አላየህም" አለችኝ።

ያን ቀን ስለ ኮላ አስተማረችኝ። አጥንት መሰንጠቁ፣ ድንጋይ መሰበሩ አይቀርም፤ ስለዚህ በዚያ ሙያ ኮላ ብዙ ያስፈልጋል። ግን ሕግ አላቸው። የማይፈታ ኮላ አጥንት ላይ አይደረግም። እነሱ የሚጠቀሙበት፣ ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት አሴቶን ጠብ ሲልበት ሟሙቶ የሚለቅ ነው። ጠንከር ያለ ኮላ ጠፍቶ አይደለም። ሆን ብለው ነው የሚፈታውን የሚመርጡት።

"ለምን?" አልኳት። "እንዲይዝ አይደል እንዴ የምታጣብቁት?"

"ሰው ይሳሳታላ" አለችኝ። "እኔ ዛሬ ልክ ነው ብዬ የገጠምኩትን፣ ነገ ዓይኑ ከእኔ የተሻለ ሰው መጥቶ ያየዋል። ያ ሰው ፈትቶ እንዲያስተካክል መንገድ መተው አለብኝ። መንገድ ካልተውኩለት ስህተቴን ነው ድንጋይ ያደረግኩት።"

ወገኖቼ፣ እኔ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። እንደዚህ ያለ ግን ከወንበር ላይ ሆኖ የነገረኝ የለም።

አሁን ወደ አቶ ልሳኑ ልምጣ። አቶ ልሳኑ የእህቴ የሥራ ባልደረባ ነው። ጠረጴዛው ከጠረጴዛዋ ጎን ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ምሳ ዕቃቸውን የሚከፍቱት አብረው ነው። ሲሠሩ ይቀላለዳሉ።

"አስካለ፣ ይሄ ዓሣ ካንቺ ጋር ሰባት ወሩ ነው። ባል ቢሆን እስካሁን ጥሎሽ ሄዶ ነበር።"

"እሱን አውቄ እኮ ነው ድንጋይ የመረጥኩት።"

ያ የሰባት ወር ዓሣ ርዝመቱ አንድ ክንድ አይሞላም። ከራሱ እስከ ጭራው አንድም አጥንት አልጎደለበትም። እህቴ በሕይወቷ እንደሱ ሙሉ የሆነ አይታ አታውቅም ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ረቡዕ፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራትና ከሥራ ቀረች። ልቧ ደክሞ ነበር። ሐኪሙ፣ "ድንጋጤ አያስፈልግሽም" ብሏታል፤ ይህንን እኔም አውቅ ነበር፣ ልሳኑም ያውቅ ነበር።

ያን ቀን ዝናብ ሆነ። ጣሪያው አፈሰሰ። ውኃው ጠብ ጠብ የሚለው ዓሣው አጠገብ ነበር። ልሳኑ አየና ሮጠ፤ ድንጋዩን ከፍ አድርጎ ወደ ደረቁ በኩል ሊወስደው ሲል ከእጁ ሾለከ። ሦስት ቦታ ሆነ።

እስቲ ፍረዱ፤ ሰውየው ክፉ ሰው ነው? ሊያድን ነው የሮጠው። እዚያ ላይ ቢያቆም፣ "አስካለ፣ ሰበርኩት" ቢላት ታሪኬ እዚህ ጋ ባለቀ። ግን ልቧ ትዝ አለው። ነገ ጠዋት ስትገባ ሦስት ቦታ ሆኖ ብታየው ምን ትሆናለች አለ። የእነሱ ኮላ ደግሞ እስኪጠና ጊዜ ይፈልጋል፤ ቶሎ የሚይዝ ነገር አማረው። የብረታ ብረት ሱቅ ሄዶ ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ ብረት ከብረት የሚያጣብቀውን ኮላ ይዞ መጣ።

ሕጉን ሳያውቅ ይመስላችኋል? ለአዲስ ሠራተኛ ሕጉን የሚያስተምረው እሱ ነው። እያወቀ አደረገው። ስንቶቻችን ነን ደግሞ እያወቅን ያጠፋነው፣ ለክፋት ብለን ሳይሆን ፈርተን፣ ሰው እንዳናስደነግጥ ብለን?

ጠዋት እህቴ ገባች። ካፖርቷን ሰቀለች፣ ተቀመጠች፣ ማይክሮስኮፑን ሳበች። ብዙ ጊዜ አየች። የመካከለኛው ስባሪ ልክ አልገጠመም ነበር፤ የዓሣው የጀርባ አጥንት እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ ብሏል።

"ልሳኑ፣ ይሄ ዓሣ እኮ ወገቡን አያመውም ነበር" አለችው።

"ውኃ ያንጠባጥብ ነበር" አላት። "ላነሳው ብዬ ነው።"

"በምን አጣበቅከው?"

ብሩሹን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

"በምን?"

"በብረቱ።"

እህቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምትናገር ሴት አልነበረችም፤ ያን ቀንም አልጮኸችም። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ ሰባት ሰው እየሰማ፣ "ከዛሬ ጀምሮ አልተዋወቅንም። ብሞት እንዳትቀብረኝ" አለችው።

ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በሌላ አገር ሰው ሲጣላ፣ "ዓይንህን አልይ" ይል ይሆናል። እኛ ግን ከዕድሜ አልፈን ሞታችን ድረስ እንሄዳለን። ያ ቃል ከተባለ በኋላ ተናጋሪው ሳያነሳው ከሞተ ማን ያነሳዋል? የሞተ ሰው ቃል ነዋ። ቤተሰብ ይጠብቀዋል፣ ሰፈር ይጠብቀዋል። ሰውየው ቀብር ላይ ቢመጣ ያፍራል፣ ቢቀር ያፍራል። ልቧ የደከመ ሴት ናት የተናገረችው። እንግዲህ ጊዜ አግኝታ ታነሳው ይሆን ወይስ ይዛው ትሄድ? የአቶ ልሳኑ ጭንቀት ይህ ሆነ።

በዚያ ላይ እህቴ ነገሩን ላቦራቶሪ ውስጥ አልተወችውም። ቤት መጥታ ለእኔ ነገረችኝ። ለአክስታችን ደወለች። ለጎረቤት ነገረች። እኔም ለእህቴ አዝኜ፣ አቶ ልሳኑን መንገድ ላይ ሳየው ወደ ማዶ መሻገር ጀመርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቤታችን ገብቶ የወጣ ሰው።

ሥራ ቦታ ደግሞ "አንተ" ማለት ቀርቶ "እርስዎ" ሆነ። በእኛ ቋንቋ አክብሮት እንዴት እንደሚያቆስል ታውቁታላችሁ። "አቶ ልሳኑ፣ ብሩሹን ቢያቀብሉኝ።" "አቶ ልሳኑ፣ መስኮቱን ይዝጉልኝ፣ ካላስቸገርኩዎ።" ሰውየው ብሩሹን ባቀበለ ቁጥር አንድ ዓመት ያረጅ ነበር። ምሳ ዕቃውንም ጀርባውን ሰጥቶ መክፈት ጀመረ።

እህቴ ዓሣውን አልጣለችውም። ስህተቱን ልትፈታ ተቀመጠች። አሴቶን አደረገችበት፤ ኮላው ንቅንቅ አላለም። እሑድ እሑድ እኔ ዘንድ ስትመጣ፣ "እንዴት ሆነ?" እላታለሁ።

"ምን መሰለህ ችግሩ" አለችኝ አንድ ቀን። "ኮላው ከአጥንቱ ይጠነክራል። ብጎትተው አጥንቱ ይሰበራል እንጂ ኮላው አይለቅም። ስለዚህ ራሱን ኮላውን በመርፌ እየፋቁ መጨረስ ነው፣ ቅንጣት በቅንጣት።"

ስንት ጊዜ ይፈጃል ብላት፣ "ለማጣበቅ አሥር ደቂቃ ፈጅቶበታል። ለእኔ አምስት ወር ይበቃኛል" አለችኝ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቁሙልኝ። ኮላው ከአጥንቱ ይጠነክራል። እህቴ ስለ ዓሣ ነበር የምታወራው። ግን ለአንድ ሰው በቁጣ የምንናገረው ቃልስ? ከዚያ ሰው ይጠነክር የለም? ከወዳጅነቱ ይጠነክር የለም? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጡበት ወዳጅነት ይሰበራል፤ አንዲቷ ቃል ግን ንቅንቅ አትልም።

እህቴ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሻይ እየጠጣች ሳለ ዐረፈች። አልተሰቃየችም። ልቧ ሥራውን አቆመ፣ እሷም አቆመች።

ረቡዕ ልንቀብራት ወደዚሁ ደብር አመጣናት። አስከሬኑን ቀድሜ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፣ እንግዳ እየተቀበልኩ። አቶ ልሳኑ ጋቢውን አዘቅዝቆ፣ ብቻውን፣ በዚያ በኩል መጣ። ሰው ሁሉ አየው። ሰው ሁሉ ደግሞ ወደ እኔ ዞረ።

እኔ ምን አደረግኩ? በሩ መሐል ቆምኩ።

"አቶ ልሳኑ፣ ይመለሱ" አልኩት። "ቃሏን ያውቃሉ።"

አልተቆጣም። "አውቃለሁ" አለኝ። "ግን ፈታችው።"

"መቼ?"

"የዛሬ ሦስት ሳምንት።"

"ማን ሰማ?"

"እኔና እሷ።"

እናንተ ብትሆኑ ታምኑታላችሁ? እኔ አላመንኩትም። ስትረግመው ሰባት ሰው ሰምቷል፣ ከዚያም ሰፈሩ ሰምቷል። ስትፈታው የሰማ እሱ ራሱ ብቻ! ለቀብር የጓጓ ሰው ይህን ፈጥሮ መናገር ያቅተዋል? ከኋላዬ አክስታችን፣ "አታስገባው" ስትል ሰማሁ።

"እንዴት ብላ ፈታችው?" አልኩት። ላሳፍረው ነበር የጠየቅኩት።

እንዲህ ሲል ነገረኝ። "ኮላውን ፍቃ ፍቃ ሥሩ ስትደርስ፣ ከድንጋዩ ጀርባ የአውራ ጣት አሻራ አገኘች። ኮላው ሲደርቅ አሻራውን ይዞት ቀርቶ ኖሯል። ስባሪውን ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣችና፣ 'እጅህን አምጣ' አለችኝ። ልብ በል፣ 'እጅህን' ነው ያለችኝ፣ 'እጅዎን' አላለችም። አውራ ጣቴን አሻራው ላይ አስቀመጠችው። ልክ ሆነ። 'ስንት ጊዜ ይዘኸው ቆምክ?' አለችኝ። 'እስኪደርቅ' አልኳት። 'ስንት?' 'ምሳ አልበላሁም ያን ቀን።' ስባሪውን ቀስ ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ከዚያ፣ 'ስማ ልሳኑ፣ እንድትቀብረኝ እፈልጋለሁ' አለችኝ።"

"አንተስ ምን አልካት?" አልኩት።

"ደንግጬ፣ 'መቼ?' አልኳት።"

"እሷስ?"

"'ቀኑ ገና አልተቆረጠም፤ ብቻ ሥራ አትያዝ' አለችኝ።"

ወገኖቼ፣ ሳቄ መጣ። አስከሬኗ ሃያ እርምጃ ላይ ሆኖ፣ ለቅሶ የመጣው ሰው እያየኝ፣ ሳቅኩ። ይህን የሚፈጥር ሰው የለም። ልሳኑ እንኳን ሊፈጥረው፣ ሲነግረኝም ገና በደንብ አልገባውም ነበር። ይህ የእሷ አፍ ነው። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ፤ ልሳኑም አለቀሰ፤ ሁለታችንም በሩን ዘግተን ቆመን ሕዝቡ መግቢያ አጣ። የቃሬዛውን የፊት ቀኝ እጀታ እንድይዝ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ለእሱ ሰጠሁት። ቀበራት።

ኋላ፣ "ለምን አልነገረችንም?" ብዬ ጠየቅኩት። እሷም አስባበት ነበር ለካ። "በሁሉ ፊት የተናገርኩትን በሁሉ ፊት ነው የማነሳው። ለፋሲካ ሁሉም ሲሰበሰብ እነግራቸዋለሁ" ብላው ነበር። ስታርፍ ፋሲካ ሊደርስ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረው።

ዓሣው አሁን ሙሉ ነው፤ ልሳኑ ገጠመው፣ በሚፈታው። ሙሉ ነው ስል አንዲት አጥንት ጎድላለች፤ ያቺ ከኮላው ጋር ሄደች። ቦታዋን አልሞሉትም። በሌላ ነገር አስመስሎ መሙላት ይቻል ነበር፤ ባዶውን ተውት፣ ከሥሩም "እዚህ ላይ አንድ አጥንት ጠፍቷል" ብለው ጻፉ። ይቅርታ እንዲህ ነው። የጠፋውን ሁሉ አይመልስም፣ አልጠፋም ብሎም አይዋሽም።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር።

መፍታት የምንለው ቃል ስንት ቦታ ይገባል? ቋጠሮ እንፈታለን። እስረኛ እንፈታለን። ጾም እንፈታለን። ሕልም እንፈታለን። ካህኑም መስቀሉን ይዞ፣ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይለናል። ስንሞትም የሚደረግልን ጸሎት ፍትሐት ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ ፍቱን ፍቱን እያልን የምንዞር ሰዎች፣ ሌላውን ሰው በብረት ኮላ ማጣበቅ ከየት ተማርን?

አትቆጡ አልልም። እህቴ የተቆጣችው በውሸት አልነበረም፤ ሰባት ወሯ ነው የተሰበረው። ግን ስትቆጡ የሚፈታ ቃል ተናገሩ። "አሁን አታናግረኝ" ይፈታል። "በጣም አዝኜብሃለሁ" ይፈታል። "ልጄ አይደለህም"፣ "እናቴ አይደለሽም"፣ "ቤቴን እንዳትረግጥ"፣ "ብሞት እንዳትቀብረኝ"፤ እነዚህ የብረቱ ናቸው። ለመናገር አሥር ደቂቃ አይፈጁም። ለመፋቅ አምስት ወር፤ አንዳንዱም ዕድሜ።

የተናገራችሁት ካለ ደግሞ ቅንጣት በቅንጣት ፋቁት፤ ተስፋ አትቁረጡ። ስትጨርሱም በጓዳ አትጨርሱት። ቃላችሁን የሰማው ጆሮ መፍታታችሁንም ይስማ። ካልሰማ፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ እንደ እኔ ያለ፣ የሚወዳችሁ ሰው፣ ለእናንተ ብሎ በር ላይ ይቆማል። ለበዓል አትቅጠሩት።

ይህን እያልኩ እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ቀጥሬዋለሁ። ጋሽ ልሳኑ ዛሬ እዚህ አለ፤ ከኋላ፣ ከዓምዱ ጎን። አትዙሩ፣ ያፍራል። እሺ ዙሩ።

ጋሽ ልሳኑ፣ ቤትህ እየመጣሁ ብዙ ጊዜ ይቅርታ ጠይቄሃለሁ፤ ብቻችንን ሆነን። "ይመለሱ" ያልኩህ ግን እዚሁ በር ላይ፣ እነዚህ ሰዎች እያዩ ነው። ስለዚህ እነሱ ይስሙ። ያን ቀን በሩ ላይ መቆም አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ። እኔም ብሞት እንድትቀብረኝ እፈልጋለሁ።

እጁን ደረቱ ላይ አደረገልኝ። አያችሁ አይደል? እናንተ ምስክሮቼ ናችሁ።

በሉ አሁን ተነሱ። እያንዳንዳችሁ የምታስቡት ሰው ስም አሁን አፋችሁ ላይ አለ፤ አውቃለሁ። ሰውየው እዚህ ግቢ ውስጥ ካለ ከበሩ ሳትወጡ፤ ሌላ ቦታ ከሆነ ከምሳ በፊት ፍቱት።